የተፋላሚን ተወዳጅነት እንዴት እንመዝን? ዘርና ስብዕና በኤምኤምኤ መድረክ

በጥር 2017 ዩኤፍሲ የተባለው የፍልሚያ አዘጋጅ ድርጅት የ77 ኪሎ ሻምፒዮን የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ታይሮን ዉድሊ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ የቆዳው ቀለም ሌላ ቢሆን ኖሮ የሚሰጠው ክብርና የሚደረግለት የማስተዋወቅ ሥራ ከዚህ የተለየ ይሆን እንደነበር ተናገረ። ንግግሩ የስፖርቱን ተከታታዮች ለሁለት ከፈላቸው። አንደኛው ወገን ሰውየው የማይወደደው ፍልሚያው አሰልቺ ስለሆነና ማማረር ስለሚያበዛ ነው አለ፤ ሌላኛው ወገን ነገሩ ዘረኝነት ብቻ መሆኑን ሳይጠራጠር ደመደመ። እንዲህ ያለ ክርክር ከዚያ ወዲህም ስለ ብዙ ተፋላሚዎች ተነሥቷል፤ ወደፊትም መነሣቱ አይቀርም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ስለ ኤምኤምኤ፣ ማለትም ቡጢን፣ ርግጫንና ትግልን ስለሚያጣምረው ቅይጥ ማርሻል አርት፣ በአማርኛ ለሚጽፉ፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ለሚተነትኑ፣ እንዲሁም ጉዳዩን ከወዳጆቻቸው ጋር በቁም ነገር ለሚወያዩ ሰዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመመሪያው መነሻ ሐሳብ አንድ ነው። «የተጠላው በዘሩ ነው ወይስ በጠባዩ?» ብሎ መጠየቅ ሩቅ አያስኬድም፤ ምክንያቱም ተመልካች ጠባይን ከሰውየው ነጥሎ አያይም። አንድ ዓይነት ፉከራ ከአንዱ አፍ ሲወጣ በራስ መተማመን ይባላል፤ ከሌላው አፍ ሲወጣ ትዕቢት ይባላል። ስለዚህ ጠቃሚው መንገድ አንድን ድርጊት ይዞ ሁለት ሰዎችን ማነጻጸር፣ ከዚያም አንድን ሰው ይዞ በተለያየ ጊዜ የነበረውን ተቀባይነት መመልከት ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ሁሉ ይህንን በተግባር እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ነው።

መወደድን፣ መታየትንና መሸጥን ለይቶ መያዝ

ማንኛውንም ንጽጽር ከመጀመርዎ በፊት ተወዳጅነት ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ ይወስኑ። ጥቁር አሜሪካዊው ሻምፒዮን ጆን ጆንስ ለዓመታት ብዙ የተቃውሞ ጩኸት የሚቀበል ተፋላሚ ነበር፤ ነገር ግን ፍልሚያውን ከፍሎ የሚያየው ሰው አልጠፋም። አሜሪካዊው ቼል ሶነን በ2010 ከብራዚላዊው ሻምፒዮን ከአንደርሰን ሲልቫ ጋር ከመጋጠሙ በፊት ብራዚልንና ሕዝቧን ሲዘልፍ የከረመው እንዲወደድ ሳይሆን እንዲታይ ነበር፤ ተሳክቶለታልም። በተቃራኒው ካናዳዊው ዦርዥ ሳን ፒዬር ተቃዋሚውን ሳይሳደብ፣ ሱፍ ልብስ ለብሶ በትሕትና እየተናገረ በሚያዝያ 2011 ቶሮንቶ ላይ ከ55 ሺህ በላይ ተመልካች ስታዲየም ውስጥ ሰብስቧል። እንግዲህ «በዚህ ስፖርት ያለ ስድብ አይሸጥም» የሚለውን አባባል እንደ ሕግ መያዝ ትክክል አይሆንም።

የሽያጭ አኃዝ ሲጠቅሱ ጥንቃቄ ያድርጉ። የፔይ ፐር ቪው፣ ማለትም ተመልካች አንድን ዝግጅት በቴሌቪዥን ለማየት ለብቻው የሚከፍልበት አሠራር፣ ሽያጭ ተብለው የሚጠቀሱት ቁጥሮች በአብዛኛው ጋዜጠኞች ከኢንዱስትሪው ምንጮች የሚያገኟቸው ግምቶች ናቸው። አየርላንዳዊው ኮነር ማክግሬጎርና ሩሲያዊው ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ በጥቅምት 2018 ያደረጉት ፍልሚያ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ተሽጧል ሲባል በዚሁ መንፈስ ሊነበብ ይገባል። በተጨማሪም ዩኤፍሲ ከፓራማውንት ጋር በ2025 የተፈራረመው የሰባት ዓመት ውል ከ2026 ጀምሮ በአሜሪካ የፔይ ፐር ቪውን አሠራር ስላስቀረ፣ የድሮውን ተፋላሚ ከአሁኑ ጋር በዚህ መለኪያ ማወዳደር አይቻልም።

መታየትን ከመከበር መለየትም ያስፈልጋል። ኪምቦ ስላይስ በጓሮ ድብድብ ቪዲዮዎች በኢንተርኔት ዝነኛ ሆኖ፣ በግንቦት 2008 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ዋና የምሽት ሰዓት የተላለፈውን የመጀመሪያውን የኤምኤምኤ ዝግጅት በዋና ተፋላሚነት መርቷል። ቦብ ሳፕ ደግሞ በጃፓን ከስፖርቱ አልፎ በማስታወቂያና በመዝናኛ ፕሮግራም የማይጠፋ ሰው ሆኖ ነበር። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ሁለቱም በእጅጉ ታይተዋል። ይህንን ይዞ «ተመልካቹ ለዘር ደንታ የለውም» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ የተሸጡት በምን ዓይነት ምስል ነበር የሚለው ጥያቄ መከተል አለበት። ሳፕ የተዋወቀበት መጠሪያ አውሬ የሚል ነበር። እኔ በበኩሌ ይህንን ዝና ከሳን ፒዬር ዝና ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥ አግባብ ነው ብዬ አላምንም።

ሌሎች ምክንያቶችን በቅድሚያ ማጣራት

ዘር ምክንያት መሆኑን ከመናገርዎ በፊት አራት ነገሮችን ይፈትሹ፤ እነርሱም የክብደት ምድብ፣ የአፋለም ስልት፣ ቋንቋና አገር ናቸው።

በክብደት ረገድ ዲሜትሪየስ ጆንሰን ጥሩ ምሳሌ ነው። በ57 ኪሎ ምድብ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን 11 ጊዜ በተከታታይ አስከብሮ ክብረ ወሰን ቢይዝም፣ ከችሎታው ጋር የሚመጣጠን ተከታይ ሳያገኝ በ2018 ወደ ሌላ ድርጅት ተዛውሯል። ጥቁር መሆኑን ብቻ ይዞ መደምደም ያጓጓል። ይሁንና በዚያ ምድብ ነጭ ተፋላሚም ቢሆን ብዙ ገበያ የሳበ አልነበረም፤ ምድቡ ራሱ ሊዘጋ ነው እስኪባል ደርሶ ነበር። በሌላ በኩል በግንቦት 2010 ራሻድ ኢቫንስና ክዊንተን ጃክሰን፣ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን፣ በ93 ኪሎ ተፋልመው ሽያጩ አንድ ሚሊዮን ገደማ እንደደረሰ ተገምቷል። ከዚያ በፊት ሁለቱ ዩኤፍሲ በሚያዘጋጀው የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ተቀናቃኝ አሠልጣኞች ሆነው ለሳምንታት ሲነታረኩ ታይተው ነበር። ጊዜና ገንዘብ ተመድቦ ታሪካቸው ለሕዝብ ሲነገር ገበያው መጣ ማለት ነው።

ስልትን ለመመዘን የሚሻለው አንዱን ሰው በጊዜ ማወዳደር ነው። ናይጄሪያ ውስጥ አውቺ ከተማ የተወለደው ካማሩ ኡስማን ለረጅም ጊዜ ተቃዋሚውን የመድረኩ አጥር ላይ አጣብቆ በነጥብ የሚያሸንፍ አሰልቺ ታጋይ ተብሎ ይተች ነበር። ሚያዝያ 2021 ላይ ሆርሄ ማስቪዳልን በአንድ ቡጢ በዝረራ ሲጥለው ያው ትችት በአብዛኛው ጠፋ። ቆዳው ያው ነው፤ ጠባዩም ያው ነው፤ የተለወጠው ፍልሚያው የሚያልቅበት መንገድ ነበር። እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲያገኙ ከዘር መላምትዎ ላይ የሚቀነሰውን ይቀንሱለት።

ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ብራዚላውያኑ ሆሴ አልዶም ሆነ አንደርሰን ሲልቫ በገናናነታቸው ዘመን ለአሜሪካ ተመልካች የሚናገሩት በአስተርጓሚ ነበር፤ ፉከራ ደግሞ በአስተርጓሚ ሲያልፍ ኃይሉን ያጣል። አገርን በተመለከተ፣ የብራዚል ተመልካች በውጭ አገር ተፋላሚ ላይ «ትሞታለህ» እያለ በዜማ የሚጮኸው ተፋላሚው ነጭም ይሁን ጥቁር ነው። ይህ ወገንተኝነት እንጂ የቆዳ ጉዳይ አይደለምና ከዘር ጥላቻ ጋር አብሮ መቆጠር የለበትም።

ወደ ዉድሊ ስንመለስ ቀን መቁጠር ምን ያህል እንደሚጠቅም እናያለን። አሰልቺ ነው ለሚሉት በዋናነት የሚጠቀሱት ፍልሚያዎች በመጋቢት 2017 ከስቲቨን ቶምሰን፣ በሐምሌ 2017 ደግሞ ከዴሚያን ማያ ጋር ያደረጋቸው ናቸው። ቅሬታውን ያሰማው ግን ከሁለቱም በፊት፣ በጥር ነው። በዚያን ጊዜ ከኋላው የነበሩት ሁለት ፍልሚያዎች ሮቢ ላውለርን በመጀመሪያው ዙር በዝረራ ያሸነፈበትና ከቶምሰን ጋር በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን እኩል የወጣበት፣ የምሽቱ ምርጥ ፍልሚያ ተብሎ የተሸለመው ግጥሚያ ነበሩ። ስለዚህ በኋላ የመጣውን ድካም ለቀድሞው ቸልታ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ በጊዜ ቅደም ተከተል አይቆምም። ይህ የዉድሊን ክስ በሙሉ አያረጋግጥለትም፤ ተደጋግሞ የሚሰጠውን መልስ ግን ውድቅ ያደርጋል።

ተመሳሳይ ድርጊት ፈልጎ ማጣመር

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ሁለት ተፋላሚዎች በተቀራራቢ ጊዜ ተቀራራቢ ነገር ያደረጉበትን አጋጣሚ ይፈልጉ፤ ከዚያ የሚመሳሰሉበትንም የሚለያዩበትንም በግልጽ ይጻፉ።

በነሐሴ 2012 የጆን ጆንስ ተጋጣሚ ዳን ሄንደርሰን ሲጎዳ፣ ፍልሚያው ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት ሶነንን እንዲገጥም ተጠየቀ፤ ጆንስ አልፈቀደም። ዝግጅቱ በሙሉ ተሰረዘ፤ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ዴይና ዋይትም ጆንስንና አሠልጣኙን በይፋ ወቀሰ። በሚያዝያ 2016 ደግሞ ማክግሬጎር ለማስተዋወቂያ ሥራ ወደ ላስ ቬጋስ አልሄድም በማለቱ ዩኤፍሲ 200 ከተባለው ትልቅ ዝግጅት ተሰረዘ። ሁለቱም ሻምፒዮኖች ድርጅቱን እምቢ ብለዋል። ጆንስ ላይ የራስ ወዳድነት ስም ለረጅም ጊዜ ተጣበቀበት፤ ማክግሬጎር ግን አለቆቹን የተጋፈጠ ጀግና ተደርጎ በብዙዎች ተወደሰ፤ በነሐሴም ተመልሶ ከኔት ዲያዝ ጋር ሲፋለም ገበያው እንደሞላ ጠበቀው።

ንጽጽሩ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ማቆም አይገባም። የጆንስ እምቢታ ሙሉ ዝግጅት አሰርዟል፤ በዚያ ምሽት ሊፋለሙ የነበሩ ሌሎች ሰዎችም ከእንጀራቸው ተስተጓጉለዋል። ዩኤፍሲ 200 ግን ያለ ማክግሬጎር ተካሂዷል። ከዚህም በላይ ማክግሬጎር አየርላንድ ሙሉ ከኋላው ነበረችለት፤ ጆንስ እንዲህ ያለ የአገር ድጋፍ አልነበረውም። ልዩነቶቹ ተቀንሰውም ቢሆን የሚቀር ነገር አለ የሚል እምነት አለኝ፤ የአሠሪውን ትእዛዝ እምቢ ያለ ጥቁር ሰው በአሜሪካ የስፖርት ታሪክ ውስጥ ውለታ ቢስ ተብሎ የሚከሰስበት ልማድ ረጅም ነውና። አንባቢ ግን ይህንን እምነት የሚቀበለው ልዩነቶቹን ሳይደብቁ ሲያሳዩት ነው።

ንጽጽር በሚመርጡበት ጊዜ ከመድረክ ውጭ የተፈጸመ ጥፋትን ከመድረክ ጠባይ ጋር አይደባልቁ። ጆንስ በ2015 መኪና ገጭቶ በማምለጡ፣ በኋላም በተከለከለ ንጥረ ነገር ምርመራ ቀበቶ አጥቷል። ማክግሬጎር በ2018 ብሩክሊን ውስጥ ተፋላሚዎች የተሳፈሩበትን አውቶቡስ ወግሯል፤ በ2024 ደግሞ የደብሊን ፍርድ ቤት ዳኞች በፍትሐ ብሔር ክስ በወሲባዊ ጥቃት ተጠያቂ አድርገውታል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «ማን ይባስ አጠፋ?» ሳይሆን ከእያንዳንዱ ጥፋት በኋላ ድርጅቱና ደጋፊው ምን ያህል ቶሎ ይቅርታ አደረጉ የሚለው ነው።

ዘር ራሱ የፉከራው ርእስ ሲሆን

አንዳንዴ ዘር ከበስተጀርባ መሆኑ ይቀርና ራሱ መሸጫ ይሆናል። በሐምሌ 2017 ማክግሬጎርና ጥቁር አሜሪካዊው ቦክሰኛ ፍሎይድ ሜይዌዘር ለቦክስ ግጥሚያቸው በአራት ከተሞች ሲዞሩ፣ ማክግሬጎር ሜይዌዘርን እንደ ልጅ እየጠራ እንዲጨፍርለት አዘዘው። አዋቂን ጥቁር ሰው እንዲህ መጥራት በአሜሪካ ከባርነት ዘመን የወረደ ውርደት ስለሆነ ተቃውሞ ተነሣ፤ የግጥሚያው ሽያጭ ግን አልቀነሰም። እንዲህ ያለውን ሲዘግቡ ቃሉን ለማድመቅ ብለው አይድገሙት፤ የተባለውን በአጭሩ ነግረው ለምን እንዳስቆጣ ያስረዱ።

ለእኛ ለአፍሪካውያን አንባቢዎች ከሁሉ የሚቀርበው ግን የኢዝራኤል አዴሳንያና የድሪከስ ዱ ፕሌሲ ጉዳይ ነው። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ ሦስት አፍሪካ የተወለዱ ሰዎች በአንድ ላይ የዩኤፍሲ ሻምፒዮኖች ነበሩ፤ ሌጎስ የተወለደው አዴሳንያ፣ ኡስማን እና ካሜሩን ውስጥ ባቲዬ የተወለደው ፍራንሲስ ንጋኑ። በ2023 ነጩ ደቡብ አፍሪካዊ ዱ ፕሌሲ የእነዚያ ቀበቶዎች መዳረሻ አሜሪካና ኒውዚላንድ እንጂ አፍሪካ እንዳልነበረ፣ እርሱ ግን አፍሪካ ተወልዶ፣ አፍሪካ ኖሮ፣ አፍሪካ ውስጥ እየሠለጠነ ቀበቶውን ወደ አህጉሩ እንደሚወስድ ተናገረ። ሐምሌ 8 ቀን 2023 ላስ ቬጋስ ላይ ሮበርት ዊታከርን ካሸነፈ በኋላ አዴሳንያ ወደ መድረኩ ገብቶ ፊት ለፊት ቆመ፤ ጥቁሮች ላይ የሚወረወረውን ስድብ ራሱ እየደጋገመ ወደ ነጩ ተፋላሚ ጮኸ። ዱ ፕሌሲ አልጮኸም፤ አፍሪካዊ ቢሆንም ወንድምህ አይደለሁም የሚል መልስ ሰጠ። በነሐሴ 2024 ፐርዝ ላይ ከመፋለማቸው በፊት በነበረው ጋዜጣዊ መግለጫ ዱ ፕሌሲ አዴሳንያ ናይጄሪያ ሳለ ቤተሰቡ አገልጋዮች እንደነበሩት አነሣበት፤ አዴሳንያ በሕዝብ ፊት እንባው መጣ። ፍልሚያውን ዱ ፕሌሲ በአራተኛው ዙር በማነቆ እጅ አሰጥቶ አሸነፈ፤ ከዚያም ተቃቅፈው ተከባብረው ተለያዩ።

ይህንን ታሪክ ሲተነትኑ ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ያንሱ። የመጀመሪያው የዱ ፕሌሲ ንግግር በፍሬ ነገሩ እውነት ነው ወይ የሚል ነው፤ ስለ መኖሪያና ስለ ሥልጠና ቦታ ያለው እውነት ነው። ሁለተኛው ንግግሩ ምን ይተዋል የሚል ነው፤ አዴሳንያ፣ ኡስማንና ንጋኑ አህጉሩን የለቀቁት የተሻለ ዕድል በመፈለግ መሆኑን፣ በደቡብ አፍሪካም ለአንድ ነጭ ልጅና ለአንድ ጥቁር ልጅ የነበረው የሥልጠና ዕድል በአፓርታይድ ምክንያት እኩል እንዳልነበረ ይተዋል። ሦስተኛው ደጋፊው ለማን ምን ፈቀደ የሚል ነው። አዴሳንያ በንዴቱ ምክንያት ቁጡና ዝቅ ያለ ተባለ፤ ዱ ፕሌሲ ድምፁን ባለማንሣቱ ብቻ የተረጋጋ ተባለ፤ ጠቡን የጀመረው ንግግር ግን በብዙዎች ዘንድ ተረሳ። በሌላ በኩል በእኛ መንደር ዱ ፕሌሲን አፍሪካዊ ብሎ መጥራት ጭራሽ እንደማይቻል የሚጽፉ አሉ። ሰውየው ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ አፍሪካዊነቱን መካድ የአዴሳንያን ቅሬታ አያጠናክርም፤ እንዲያውም ያዳክመዋል።

አስተዋዋቂውንና ተንታኙን መስማት

ተወዳጅነት በደጋፊ ልብ ውስጥ ብቻ አይበቅልም፤ ድርጅቱም ይዘራዋል። በታኅሣሥ 2016 ነጯ አሜሪካዊት የቀድሞ ሻምፒዮን ሮንዳ ራውዚ ከአንድ ዓመት እረፍት ስትመለስ የማስተዋወቂያው ዘመቻ በሙሉ በእርሷ ዙሪያ ነበር፤ ሻምፒዮኗ ብራዚላዊቷ አማንዳ ኑኔስ በራሷ ቀበቶ ፍልሚያ እንደ እንግዳ ቀረበች። ኑኔስ በ48 ሰከንድ አሸነፈች፤ በኋላም የሁለት ምድቦች ሻምፒዮን ሆነች፤ የራውዚን ዓይነት ዝና ግን አላገኘችም። ቋንቋ ከፊሉን ያስረዳል። አሰልቺ ናት የሚለው ምክንያት ግን ለእርሷ ፈጽሞ አይሠራም።

የተንታኞችን አነጋገር ለመመርመር ቀላል ዘዴ አለ። በታኅሣሥ 2019 ኡስማንና ነጩ አሜሪካዊ ኮልቢ ኮቪንግተን ያደረጉትን ፍልሚያ ከነድምፁ ይክፈቱ። ሁለቱም ከኮሌጅ ትግል የመጡ፣ ትንፋሽ የማያጥራቸው፣ ስልታቸው የሚመሳሰል ናቸው፤ በዚያ ምሽት ሁለቱም ለመጣል ሳይሞክሩ አምስቱንም ዙር በቡጢ ተያይዘዋል፤ ኡስማን በመጨረሻው ዙር አሸንፏል። ወረቀት ለሁለት ይክፈሉና በአንዱ በኩል ስለ ጉልበት፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ተፈጥሮ ስጦታ የተባለውን፣ በሌላው በኩል ስለ ዕቅድ፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ትጋት የተባለውን ለእያንዳንዱ ተፋላሚ ይመዝግቡ። በአሜሪካን ፉትቦልና በቅርጫት ኳስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ስፖርተኛ በአካሉ፣ ነጭ ስፖርተኛ በአእምሮውና በትጋቱ የመመስገን ዝንባሌ እንዳለ ደጋግመው አሳይተዋል። በአንድ ፍልሚያ ላይ ያገኙት ልዩነት ማስረጃ አይሆንምና ቢያንስ ጥቂት ተመሳሳይ ጥንዶችን ይድገሙ። ከዚያም የራስዎን የአማርኛ ጽሑፎች በዚሁ ወረቀት ይፈትኗቸው፤ «ጉልበታም» እና «ብልህ» የሚሉትን ቃላት ለማን እንደምንሰጥ ሳናስተውል የውጭውን ልማድ ገልብጠን ልናመጣ እንችላለን።

የደጋፊ አስተያየት ሲሰበስቡ በጣም የሚጮኹት ጥቂቶች መሆናቸውን ያስቡ። የአሜሪካው ዋና ፍልሚያ አዲስ አበባ የሚደርሰው እሑድ ማለዳ ስለሆነ ብዙዎቻችን የምናየው በማግስቱ የሚለቀቁትን አጫጭር ቁርጥራጮች ነው። ቁርጥራጩ ደግሞ የሚመረጠው ስድቡ፣ ግፊያውና ዝረራው ነው። ስለዚህ አንድን ተፋላሚ አሰልቺ ወይም ትዕቢተኛ ከማለትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ፍልሚያዎቹንና አንድ ረጅም ቃለ ምልልሱን ይመልከቱ።

ፍርዱን መጻፍ

ድምዳሜዎን በደረጃ ይጻፉ፤ የትኛው ክፍል በክብደት ምድብ፣ የትኛው በስልት፣ የትኛው በማስተዋወቅ ጉድለት እንደሚገለጽ ካሳዩ በኋላ የሚቀረውን ለዘር ይተዉ፤ ያም የእርስዎ ግምት መሆኑን ይግለጹ። አንድን ሰው ወይም ደጋፊ በሙሉ ዘረኛ ብለው አይፈርጁ፤ የተደረገውን ድርጊትና የተነገረውን ንግግር በቀኑ ይጥቀሱ። ጽሑፍዎ ላይ የጻፉበትን ቀን ያስቀምጡ፤ ኡስማን በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሰልቺነት ወደ ተወዳጅነት እንደተሻገረ ሁሉ የዛሬው ፍርድ ከሚቀጥለው ፍልሚያ በኋላ ሊታረም ይችላልና። ሲያርሙም የቀድሞውን ጽሑፍ ሳያጠፉ ከሥሩ ምን እንደተለወጠና የትኛው ፍልሚያ ወይም ንግግር እንዳስለወጠው ይጨምሩበት።